ክብደት ከፊት፣ ስፋት ከኋላ፦ የእንስሳ ቅርጽ ያለው ነፋስ ጠቋሚ አሠራር

ሰው ወደ ወርክሾፔ መጥቶ "ጣሪያዬ ላይ የሚዞር ነፋስ ጠቋሚ ሥራልኝ" ሲለኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ ጅራቱ ነው። ያሰብከው እንስሳ ጅራቱ ረጅም ነው? ሰፊ ነው? እላለሁ። ብዙው ሰው ግራ ይገባዋል፤ ፊቱን፣ ቀንዱን፣ ጋማውን እያሰበ ነው የሚመጣው። ነፋሱ ግን የሚይዘው ጅራቱን ነው።

እዚህ ጅማ የግቢ በር፣ መስኮትና የደረጃ መደገፊያ ስበይድ 17 ዓመት ሆኖኛል። አባቴ በርጩማ ፈልፋይ ነበር፤ ባለሦስት እግሩን የጅማ በርጩማ ከአንድ ግንድ ሲያወጣው እያየሁ ነው ያደግሁት። መጥረቢያውን ከማንሳቱ በፊት ግንዱ ላይ በከሰል ይስላል፣ ራቅ ብሎ ይቆማል፣ ዓይኑን ጨፈን አድርጎ ያያል፣ ተመልሶ ያስተካክላል። እኔ ወደ ብረት ብሄድም ያቺን ራቅ ብሎ ማየት ከእሱ ወርሻታለሁ። ለነፋስ ጠቋሚ ሥራ ከየትኛውም መሣሪያ በላይ የጠቀመችኝም እሷ ናት።

ከዚህ በታች የምጽፈው አንድ ጉሬዛ ከካርቶን ተነስቶ ምሰሶ ላይ እስኪወጣ ያለውን ሂደት ነው። ብየዳ የማትችሉ ብትሆኑም አንብቡት። ካርቶኑንና ሚዛኑን ራሳችሁ ሠርታችሁ ብየዳውን ብቻ ለባለሙያ ብትሰጡ ዋጋው በብዙ ይቀንስላችኋል፤ የሚሠራላችሁም ሰው ምን እንደምትፈልጉ በትክክል ያውቃል።

አፍንጫው ወዴት ነው የሚያየው?

ጠቋሚው ፊቱን የሚያዞረው ነፋሱ ወደሚመጣበት አቅጣጫ ነው። ጉሬዛው ምዕራብን ካየ ነፋሱ ከምዕራብ እየመጣ ነው፤ ስሙም የምዕራብ ነፋስ ነው። ብዙ ሰው በተቃራኒው ያነበዋል። ምክንያቱ እንዲህ ነው፤ ነፋሱ ሰፊውን ወገን እየገፋ ከዘንጉ በስተኋላ ያደርገዋል፣ ጠባቡ ወገን ደግሞ በዚያው ፊቱን ለነፋሱ ይሰጣል። ባንዲራ ከሰንደቁ ወደ ነፋሱ መሄጃ እንደሚዘረጋ ሁሉ ጅራቱም ወደዚያው ይዘረጋል።

ለጌጥ ብቻ የሚመስለው ሰው አለ። ቡና አልጋ ላይ የምታደርቅ አንዲት ጎረቤቴ ግን ከእኔ በተሻለ ትጠቀምበታለች። ዝናም ያዘለ ደመና ሲቀርብ ከሥሩ ቀዝቃዛ አየር ወደ ታች ወርዶ መሬት ለመሬት ይገፋል፤ ከዝናሙ ቀድሞም ይደርሳል። ቀኑን ሙሉ አንድ አቅጣጫ ሲያይ የዋለው ጠቋሚ ድንገት ዞሮ ጥቁሩን ደመና ካየ፣ ላስቲኩን ይዛ ወደ አልጋው ትሮጣለች። ጅማ በዓመት ከ1,500 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናም ስለምታገኝ ለቡና አድራቂ ያቺ ጥቂት ደቂቃ ትልቅ ነገር ናት።

ነገሩ ደግሞ ጥንታዊ ነው። አቴና ውስጥ ከክርስቶስ ልደት በፊት በአንደኛው መቶ ዓመት ገደማ የተሠራው የነፋሳት ግንብ አናት ላይ ግማሹ ሰው ግማሹ ዓሣ የሆነ የነሐስ ትሪቶን ይዞር ነበር። ጣሊያን አገር ብሬሻ ከተማ ያለው አውራ ዶሮ በ820 እ.ኤ.አ. የተሠራ ሲሆን እስከ ዛሬ ከተረፉት የዶሮ ጠቋሚዎች ጥንታዊው እንደሆነ ይነገራል። የአውሮፓ አብያተ ክርስቲያናት ጣሪያ ላይ ዶሮ የሚቆመው የጴጥሮስን ክህደት እንዲያስታውስ ነው፤ "ዶሮ ሳይጮኽ" የተባለውን። እኔ በብረት ሠራተኛ ዓይን ሳየው ግን ዶሮው ለዚያ ቦታ የተፈጠረ ይመስለኛል፤ እንደ ሸራ ተነፍቶ የቆመ ጅራት አለው። እኛም ብንሆን የቤት አናትን ባዶ መተው አንወድም። የሣር ቤቱ ጉልላት ላይ ሸክላ እንደፋለን፣ ቤተ ክርስቲያኑ ጉልላት ላይ የሰጎን እንቁላል እንሰካለን። ስለዚህ የሚዞር እንስሳ ከእኛ ቤት አናት ላይ እንግዳ አይሆንም።

የትኛው እንስሳ?

ለጀማሪ ጉሬዛን የሚያህል የለም። በለጠ ጌራ በሚባለው ደን ውስጥ ወይም ትልልቅ ዛፍ ባለበት ግቢ አጠገብ ሲዘል ያየ ሰው ለምን እንዳልኩ ይገባዋል። እጆቹን ወደፊት ዘርግቶ በአየር ላይ ሲንሳፈፍ ጅራቱ ከኋላው ይዘረጋል። ጅራቱ ከሰውነቱ ይረዝማል፣ ጫፉም ላይ ወፍራም ነጭ ጸጉር አለው። ከዘንጉ ርቆ ጫፉ ላይ የሚሰፋ ነገር ማለት ደግሞ ለነፋስ የተዘጋጀ ረጅም እጀታ ነው። ከጉሬዛ ቀጥሎ አውራ ዶሮና ዓሣ ይቀላሉ።

ፈረስ ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። አያስገርምም፤ አባ ጅፋር የሚለው ራሱ የፈረስ ስም ነው፣ በዚህ አገር ፈረስ ከክብር ጋር ነው የሚነሳው። ያምራልም። ነገር ግን የፈረስ አንገትና ደረት ከወገቡ ጋር እኩል ይሰፋል። ነፋሱ የትኛውን ወገን እንደሚገፋ እንዲያውቅ ከፈለጋችሁ እየጋለበ፣ አንገቱን ዘርግቶ፣ ጅራቱን በትኖ መሣል አለበት። ቆሞ የሚግጥ ፈረስ አትሥሩ። ጅማ ዙሪያ ረግረግ ሜዳ ላይ የምናያትን፣ ራሷ ላይ ወርቃማ ዘውድ ያላትን ወፍ ደግሞ ለሁለተኛ ወይም ለሦስተኛ ሥራችሁ አቆዩአት። አንገቷና እግሮቿ ቀጫጭን ስለሆኑ በብየዳ ሙቀት ይጣመማሉ።

ከሁሉ የቸገረኝ ጉማሬ ነው። አንድ ደንበኛዬ ልጆቹ ቦዬ ላይ ጉማሬ አይተው ስለወደዱት ጉማሬ ይሁንልኝ አለ። ከ2 ሚሊ ላሜራ (ዝርግ ብረት) ቆርጬ፣ መሃሉን ፈልጌ፣ ዘንጉን እዚያው በየድኩ። ሚዛኑ ልክ ነበር፤ በጣት ስትነካው እንደ እንዝርት ይሾራል። ምሰሶው ላይ ወጥቶ ነፋስ ሲመጣ ግን ጎኑን ለነፋሱ ሰጥቶ ቆመ። ሰሜን ሲነፍስ ምሥራቅ ያያል፤ ትንሽ ቆይቶ ምዕራብ። ልጆቹ እየተመለከቱ ስለነበር በጣም አዘንኩ። አውርጄ ወደ ወርክሾፕ ወሰድኩትና ሌሊቱን ሳስበው አደርኩ። ይህን ሥራ የተማርኩት በዚያ ሌሊት ነው ማለት እችላለሁ።

ሚዛኑ

ውፍረቱ አንድ ዓይነት የሆነ ዝርግ ነገር በክብደቱ መሃል ላይ ዘንግ ብታስገቡለት የስፋቱም መሃል እዚያው ነው። ነፋሱ ፊቱንም ኋላውንም እኩል ይገፋዋል፤ ስለዚህ ጎኑን ሰጥቶ ይቆማል። የእኔ ጉማሬ የሆነው ይህ ነው። መፍትሔው ሁለቱን መሃሎች መለያየት ነው። የክብደቱ መሃል ዘንጉ ላይ ይሁን፣ የስፋቱ መሃል ግን ከዘንጉ ኋላ ይቅር። በአጭሩ ከፊት ጠባብና ከባድ፣ ከኋላ ሰፊና ቀላል።

ጅራት የሚጠቅመውም እዚህ ላይ ነው። ለብቻው ተቆርጦ ከስስ ላሜራ ሊሠራ ይችላል። የጉማሬን ወገብ ከስስ፣ ደረቱን ከወፍራም ልሥራ ብትሉ መጋጠሚያው መሃሉ ላይ እንደ ጠባሳ ይታያል። የጉሬዛ ጅራት ግን ሥሩ ላይ ሲጋጠም ማንም አያየውም። (ጉማሬውን በኋላ ሆዱ ሥር ረጅም ቀስት አስገብቼለት፣ የቀስቱን ጫፍ አክብጄ፣ ኋላውን እንደ ላባ አስፍቼ አዳንኩት። አሁን በደንብ ይዞራል።)

እንግዲህ ካርቶን ፈልጉ፤ የቴሌቪዥን ወይም የፍሪጅ ማሸጊያ ይበቃል። ጉሬዛውን በሙሉ መጠኑ ሣሉ። የኔ መለኪያ ከራሱ እስከ ጅራቱ ሥር 45 ሴንቲ ሜትር፣ ጅራቱ ሌላ 45 ነው። ጅራቱን ሥሩ ላይ 5 ሴንቲ ሜትር ጀምራችሁ ጫፉ ላይ እስከ 14 አስፉት። ከቆረጣችሁት በኋላ መስኮት ላይ በፕላስተር ለጥፉትና 20 እርምጃ ራቁ። የዓይን ቅንድብ፣ የአፍንጫ ቀዳዳ፣ የጸጉር መስመር ሁሉ ይጠፋል፤ የሚቀረው ጥላው ብቻ ነው። ሰማይ ላይ የሚታየውም እሱ ነው። ከጣት የጠበበ ክፍተት ከሩቅ ስለሚደፈን በሁለቱ እጆቹ መካከል ሁለት ጣት የሚያስገባ ቦታ ተዉ። ትከሻው ላይ ያለውን ካባ መሰል ጸጉር ወደ ኋላ እንዲበተን አድርጉት፤ ለስፋቱም ይረዳል። ከ20 እርምጃ ላይ ያየው ሰው ሳትነግሩት "ጉሬዛ" ካላለ ወደ ብረት አትሂዱ። እኔ አላፊ አግዳሚውን እየጠራሁ ነው የምጠይቀው፤ "ውሻ ነው?" ካሉኝ አፍርሼ እንደገና እሥላለሁ።

አሁን ክብደቱን እናስላ። 1 ካሬ ሜትር ላሜራ በ1 ሚሊ ውፍረት 7.85 ኪሎ ይመዝናል፤ ይህን ከያዛችሁ የማንኛውንም ቅርጽ ክብደት ሳትቆርጡት ታውቃላችሁ። የካርቶኑን ስፋት ለማወቅ ባለ ካሬ የሒሳብ ደብተር ወረቀት እያያያዛችሁ ለጥፉበትና ካሬዎቹን ቁጠሩ። የኔ ጉሬዛ ሰውነቱ 700 ካሬ ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ በ2 ሚሊ ላሜራ 1 ኪሎ ከ100 ግራም ይሆናል። ጅራቱ 400 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው፤ በ0.8 ሚሊ 250 ግራም።

ዘንጉን ትከሻው ላይ አደርገዋለሁ። ከዚያ ሲለካ የሰውነቱ የክብደት መሃል 3 ሴንቲ ሜትር ወደ ኋላ ይቀራል፣ የጅራቱ 50 ሴንቲ ሜትር። 1,100 በ3 ሲባዛ 3,300፤ 250 በ50 ሲባዛ 12,500፤ ድምሩ 15,800። ከፊት ይህንን የሚያስተካክል ክብደት ያስፈልጋል። ከዘንጉ 35 ሴንቲ ሜትር ወደፊት ላስቀምጠው ካልኩ 15,800ን ለ35 አካፍዬ 450 ግራም አገኛለሁ። 20 ሚሊ ድፍን ክብ ብረት 18 ሴንቲ ሜትሩ 444 ግራም ነው። ይህን ቁራጭ በተዘረጉት እጆች ላይ ወደፊት አሹዬ እበይደዋለሁ። ከታች ለሚያየው ሰው ጉሬዛው ሊይዘው የዘለለለት ቅርንጫፍ ነው። ክብደት ፍለጋ የገባው ብረት ለሥዕሉም ትርጉም ሰጠው። ከዚህ ሥራ ሁሉ ይህችን ቁራጭ አብልጬ እወዳታለሁ።

ስሌቱ ያቀራርባችኋል እንጂ አይጨርስላችሁም፤ ብየዳውም ይመዝናል፣ ቀለሙም ይመዝናል። ስለዚህ ቅርንጫፉን በመጀመሪያ ለጊዜው አንድ ሁለት ነጥብ ብቻ በይዱት። ከዚያ የሚዞርበትን ዘንግ (አሠራሩ ቀጥሎ አለ) ሞርሳ በሚባለው የብረት ማሰሪያ ላይ አግድም አስራችሁ ቅርጹን አስገቡበት። ጅራቱ ወደ መሬት ከወረደ ኋላው ከብዷል፣ ቅርንጫፉን ወደፊት ግፉት። ራሱ ከወረደ ከቅርንጫፉ በሴጌቶ (በብረት መጋዝ) ትንሽ ትንሽ ቁረጡ። በየትኛውም ማዕዘን ላይ ስትተዉት ባለበት ሲቆም ሚዛኑ ደርሷል፤ ያኔ አጥብቃችሁ በይዱ። ይህን ፈተና የሚዘሉ ሰዎች አይቻለሁ። ምሰሶው በትንሹ እንኳ ዘመም ካለ ከባዱ ወገን ወደ ዘመመበት ይሄድና ቀላል ነፋስ አያነሳውም።

የሚዞርበት ቦታ

የመጀመሪያ ነፋስ ጠቋሚዬን የሠራሁት ለአንዲት እናት ነበር፤ አውራ ዶሮ። ከታች ቱቦ፣ ከቱቦው አፍ ላይ ኩሽኔታ፣ ከኩሽኔታው በላይ ዶሮው። በጋውን ሙሉ ያለ ድምፅ ዞረ። ክረምቱ አልፎ መስከረም ላይ ደወሉልኝ። "ልጄ፣ ዶሮው ወደ ጅሬን ዞሮ ቀረ" አሉኝ። ሄጄ ሳየው ነፋሱ ገመድ ላይ የተሰጣውን ልብስ ወዲያ እየወሰደው ዶሮው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ያለበትን የጅሬን ኮረብታ ብቻ ያያል። ፈትቼ ሳወርደው ኩሽኔታው ውስጥ የዝናም ውሃ ተኝቶ ዝገቱ ኳሶቹን እርስ በርስ አጣብቋቸዋል። ጥፋቱ የኔ ነበር፤ አፉን ወደ ሰማይ የከፈተ ነገር ጅማ ላይ አይሠራም።

ከዚያ ወዲህ ገልብጬ ነው የምሠራው። ከታች የሚቆመው የማይዞር ዘንግ 14 ሚሊ ለስላሳ ክብ ብረት ነው፣ ቁመቱ 25 ሴንቲ ሜትር። የሚዞረው ደግሞ እንስሳው የሚበየድበት፣ ከላይ እንደ ብርጭቆ የሚደፋበት የግማሽ ኢንች ቱቦ ነው፣ 22 ሴንቲ ሜትር። የቱቦውን ላይኛ አፍ በወፍራም ላሜራ ደፍናችሁ ዙሪያውን ምንም ቀዳዳ ሳታስቀሩ በይዱ። የዘንጉን አናት በትራፓኖ በ8 ሚሊ ፑንታ ጥቂት ጎድጎድ አድርጉትና ከአሮጌ የመኪና ኩሽኔታ የወጣ 12 ሚሊ ገደማ የሆነ የብረት ኳስ ግራሶ ቀብታችሁ አስቀምጡበት። ቱቦውን ስትደፉበት የእንስሳው ክብደት ሁሉ በዚያች አንድ ኳስ ላይ ያርፋል። ውሃ ወደ ላይ አይወጣምና ክረምት ከክረምት ውስጡ ደረቅ ነው። ነፋስ ይነቅለዋል ብላችሁ አትስጉ፤ ዘንጉ ከ20 ሴንቲ ሜትር በላይ ውስጥ ገብቷል።

ቱቦው ጋልቫናይዝድ ከሆነ ግን አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ከመበየዳችሁ በፊት ብየዳው የሚያርፍበትን ቦታ ብሩ መሰል ሽፋኑ እስኪለቅና ጥቁሩ ብረት እስኪታይ በግራይንደር ፋቁት። ያ ሽፋን ዚንክ ነው፤ ሲቃጠል የሚወጣው ነጭ ጭስ ማታ ላይ ብርድ ብርድ ያሰኛል፣ ያተኩሳል፣ አጥንት ይቆረጥማል። እኛ ብየዳ ቤት ውስጥ "ወተት ጠጣበት" እንባባላለን። ወተት መልካም ነገር ነው፣ ሳንባ ውስጥ የገባውን ጭስ ግን አያወጣም። በር ክፈቱ፣ ከነፋሱ ወገን ቁሙ። ዓይናችሁንም በመነጽር ሸፍኑ፤ አብሮኝ የሚሠራው ልጅ "ጋሼ፣ አንዴ ብቻ ነው የምነካው" ብሎ ያለ መነጽር ግራይንደር ባነሳባት ቀን ነው ጤና ጣቢያ ያመላለስኩት።

ቀለም

ላሜራ መዛግ የሚጀምረው ከተቆረጠበት ጠርዝ ነው። ጠርዙን በሞረድ ክብ አድርጉ፤ ስለት የሆነ ጠርዝ ቀለም አይዝም። ዘይቱን በቤንዚን ወይም በቲነር ጥረጉ፣ በብርጭቆ ወረቀት አሹ፣ ጠርዙን ብቻ አንድ ጊዜ በአንቲ ረስት ቀቡ፣ ከዚያ ሙሉውን ሁለት ጊዜ። በመጨረሻ ጥቁር፣ ትከሻውና የጅራቱ ጫፍ ላይ ነጭ። ጅራቱን ከጋልቫናይዝድ ላሜራ ከሠራችሁት ቀለሙ እንዳይላጥ በአቼቶ አጥባችሁ፣ በውሃ አለቅልቃችሁ፣ አድርቃችሁ ቀቡ። እንዲህ ሲሆን ሰውነቱ ላይ በሪቬት ያዙት፤ ብየዳ ሽፋኑን ያቃጥልባችኋል፣ ስሱንም ይበሳዋል።

አቅጣጫውን ማግኘት

ከጠቋሚው ሥር በመስቀል ቅርጽ አራት ክንዶች ይቆማሉ፤ እነሱ አይዞሩም። ፊደሎቹ ላይ ያስቸገረኝ ምሥራቅና ምዕራብ ሁለቱም በ"ም" መጀመራቸው ነበር። "ምሥ" እና "ምዕ" ብዬ ሁለት ሁለት ፊደል ስቆርጥ ከሩቅ አይለዩም። አሁን የምጠቀመው ሰ፣ ደ፣ ሥ፣ ዕ ነው። ቁመታቸው ከ10 ሴንቲ ሜትር አይነስ። የዕን ክብ ውስጡን ለማውጣት መጀመሪያ በፑንታ ብሱት።

ሰሜንን በስልክ ኮምፓስ ልታገኙ ትችላላችሁ፤ ከብረት ምሰሶው፣ ከቆርቆሮ አጥሩና ከመኪና አሥር እርምጃ ራቁ እንጂ፣ አለበለዚያ ይዋሻችኋል። እኔ በጥላ ማረጋገጥ እወዳለሁ። ሜዳ ላይ ቀጥ ያለ ዱላ ትከሉ፣ የጥላውን ጫፍ በጠጠር ምልክት አድርጉ። 20 ደቂቃ ቆይታችሁ አዲሱን ጫፍ በሌላ ጠጠር። መጀመሪያ ያስቀመጣችሁት ጠጠር ምዕራብ ነው፣ ሁለተኛው ምሥራቅ፤ ሁለቱን በገመድ አገናኙ። ይህ ወደ ቀትር ሲጠጋ ነው ይበልጥ ልክ የሚሆነው። "የቀትር ጥላ ወደ ሰሜን ያመለክታል" የሚል የውጭ መመሪያ ካነበባችሁ ግን ተጠንቀቁ። ጅማ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ድረስ ፀሐይ በቀትር ከእኛ በስተሰሜን ናት፤ ጥላችን ወደ ደቡብ ይወድቃል።

ሥራችሁን በሌላም ማመሳከር ትችላላችሁ። የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን መቅደስ ወደ ምሥራቅ ነው። መስጊድ አጠገብ ከሆናችሁ ደግሞ ከጅማ ቂብላ ከሰሜን ጥቂት ብቻ ወደ ምሥራቅ ዘንበል ያለ ነው፤ 12 ዲግሪ ገደማ። ባለፈው ዓመት አንድ ሽማግሌ ግቢ ውስጥ ክንዶቹን ተክዬ ስጨርስ መስገጃቸውን የሚያነጥፉበትን አቅጣጫ አይተው "ሰሜንህ ልክ ነው" አሉኝ። ከዚያ የተሻለ ምርመራ አላገኘሁም።

መትከል

ጣሪያ ላይ መስቀል የሚፈልገውን ሰው አልከለክልም፣ ግን ቆርቆሮ አትብሱ። በዚህ ዝናም አንዲት የቡሎን ቀዳዳ ኮርኒስ ታበላሻለች። የቤቱ ጫፍ ግድግዳ ላይ በሁለት ማሰሪያ ተያይዞ ከጣሪያው በላይ አንድ ሜትር ተኩል ይውጣ። ከቤቱ ሁሉ ከፍ ብሎ የሚቆም ብረት ስለሚሆን ወደ መሬት የሚወስድ የመዳብ ገመድ በኤሌክትሪክ ባለሙያ አስገቡለት፤ የጅማን መብረቅ የማያውቅ የለም። የመብራት ሽቦ በቅርብ ካለ ደግሞ ቦታውን ቀይሩ።

እኔ የምመርጠው አትክልት መሃል ነው፤ ለመንከባከብ ይመቻል፣ ሕፃናትም በቅርብ ያዩታል። የሚቲዎሮሎጂ መሣሪያ ገላጣ ሜዳ ላይ በ10 ሜትር ከፍታ ነው የሚቆመው፤ ለግቢ ያን ያህል አያስፈልግም። ከ3 እስከ 4 ሜትር ያለው የ2 ኢንች ቱቦ ከአጥርና ከቡና ዛፍ በላይ ከወጣ ይበቃል። ከትልቅ ዛፍና ከቤት ግድግዳ ግን አርቁት፤ እዚያ ነፋሱ ስለሚጠማዘዝ ጠቋሚው ዝም ብሎ ይሽከረከራል። እርግጠኛ ካልሆናችሁ አጠና ጫፍ ላይ የላስቲክ ቁራጭ አስራችሁ ሁለት ሦስት ቀን አቁሙና ተመልከቱ። ላስቲኩ ቀጥ ብሎ የሚዘረጋበት ቦታ ጥሩ ነው፤ ዙሪያውን የሚጠመጠምበት ጥሩ አይደለም። ጉድጓዱ 60 ሴንቲ ሜትር ይጥለቅ፣ ሥሩ ላይ ጠጠር አንጥፉና ኮንክሪቱን ሙሉ። ኮንክሪቱ ከመያዙ በፊት ምሰሶውን በሁለት ወገን በውሃ ልክ እዩት፤ አንድ ወገን ብቻ አይበቃም። ጉሬዛውን በማግስቱ አትስቀሉ፣ ሳምንት ይቆይ።

ከዚያ በኋላ የሚፈልገው ጥቂት ነው። በዓመት አንድ ጊዜ፣ ግንቦት ላይ ዝናሙ ሳይበረታ፣ መሰላል አቁማችሁ ቱቦውን ወደ ላይ አውጡት፣ አሮጌውን ግራሶ በጨርቅ ጥረጉ፣ ኳሱን እዩት፤ ከተቦረቦረ ቀይሩት፣ አዲስ ግራሶ ቀቡ። ሁለት ሰው ሁኑ፤ ኳሱ ሣር ውስጥ ከወደቀ አይገኝም። ያቺ ዶሮአቸው ጅሬንን እያየ የቀረባቸው እናት አዲሱን ዘንግ ካስገባሁላቸው ወዲህ በየግንቦቱ ይደውሉልኛል። ስሄድ ቡናው ተፈልቶ፣ መሰላሉ ግድግዳው ላይ ተደግፎ፣ ኳሷ የምትቀመጥባት ስኒ ደረጃው ላይ ተዘጋጅታ ነው የምታገኘኝ።